የልብ ፓምፕ የተተከለላቸውን ሰዎች ከሩቅ መከታተል፦ ከአዲስ አበባ ዳር ሲታይ

የልብ ፓምፕ የደከመውን የግራ ልብ ለማገዝ ደረት ውስጥ የሚተከል ትንሽ ሞተር ነው። ብዙ ሰው ከፔስሜከር ጋር ያምታታዋል። ፔስሜከር የልብ ምትን ያስተካክላል እንጂ ደም አይገፋም። ፓምፑ ግን ደሙን ከልብ ስቦ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ ይልካል። ኃይል የሚያገኘው ሆድ ላይ ቆዳ በስቶ በሚወጣ ገመድ ነው። ገመዱ ወገብ ላይ ከሚታሰር መቆጣጠሪያና ከሁለት ባትሪዎች ጋር ይያያዛል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሪማች የተባለው ጥናት መንገዱን ከፈተ። የልብ ንቅለ ተከላ ከማይደረግላቸው ሕሙማን መካከል ፓምፕ ከተተከለላቸው 52 በመቶው አንድ ዓመት በሕይወት ቆዩ። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ይህን ያህል የቆዩት 25 በመቶ ነበሩ። ዛሬ በብዛት የሚተከለው ሃርትሜት 3 የተባለው ፓምፕ ነው። ውስጡ ያለው ተሽከርካሪ በማግኔት ተንሳፍፎ በደቂቃ 5,000 ወይም 6,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል።

ደሙ ሳያቋርጥ ስለሚፈስ የብዙዎቹ ትርታ በእጅ አይገኝም። ፓምፕ የተተከለላቸው አጎቴ ከአሜሪካ ለፋሲካ መጥተው ኮዬ ፈጬ እኛ ቤት ሰንብተው ነበር። ጎረቤታችን ነርስ ናት። እጃቸውን ይዛ ትርታ ፈለገች፣ አጣች። ደንግጣ ቀና ስትል እሳቸው ሁለተኛውን ስኒ ቡና ይጠጣሉ። ተራው የግፊት መለኪያም ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ሐኪሞች የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ በሚያዳምጠው በዶፕለር ነው የሚለኩት።

ከሩቅ መከታተል ሲባል ሁሉም ነገር በራሱ በኢንተርኔት የሚሄድ ይመስላል። ፔስሜከር እንዲያ ያደርጋል፤ አልጋ አጠገብ በተቀመጠ ሳጥን መረጃውን ይልካል። ፓምፖች ግን በዚህ ወደ ኋላ ቀርተዋል። የአጎቴ ክትትል አንድ ደብተርና ስልክ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከመቆጣጠሪያው ላይ አራት ቁጥር ይጽፋሉ፦ የሽክርክሪት ፍጥነት፣ የደም ፍሰት፣ የኃይል ፍጆታና የትርታ ጠቋሚ (ልቡ ራሱ ምን ያህል እያገዘ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር)። ፍሰቱ በቀጥታ የሚለካ ሳይሆን ከኃይሉና ከፍጥነቱ የሚሰላ ነው። ኃይሉ በድንገት ከፍ ካለ የደም መርጋት ይጠረጠራል። ፍሰቱ ከወረደ ደግሞ የውሃ ማነስ ወይም የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ ለያዘው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክብደትም ይመዘናል። ገመዱ የሚወጣበት ቦታ ቀላ ካለ ፎቶ ተነስቶ ይላካል፤ እኛ በቴሌግራም ነበር የምንልከው።

ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንም አለ። ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው፣ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሕጻናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። ይህን ክትትል የለመደች ነርስ የፓምፑን ክትትል ግማሹን ታውቀዋለች፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ አምናለሁ። የጾም ወቅት ጎመን ግን ይታሰብበት። ቫይታሚን ኬ ስላለው በአንድ ጊዜ ሲበዛ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ዋናው መጠኑን አለመለዋወጥ ነው፤ መተው አያስፈልግም።

ለክትትሉ ሳንባ ደም ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ የደም ግፊቱን እየለካ ከሩቅ ለሐኪም የሚልክ መሣሪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ለልብ ድካም ተፈቅዷል።

ዳር ላይ ለሚኖር ሰው ግን ትልቁ ጣጣ መብራት ነው። ፓምፑ ማታ ማታ ከግድግዳ ኃይል ሊሠራ ይችላል፤ መብራት ሲሄድ መቆጣጠሪያው ይጮሃል፣ ወዲያው ወደ ባትሪ መዛወር ነው። መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው መጠባበቂያ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያቆያል። ባትሪ ሲቀየርም አንድ በአንድ ነው፤ ሁለቱ በአንዴ አይነቀሉም። ሁለተኛው ሌሊት ላይ መብራት ሄደብን። እናቴ ሻማ ፍለጋ ስትነሳ አጎቴ በጨለማ ባትሪያቸውን ቀይረው ጨርሰው ነበር። በማግስቱ ቱሉ ዲምቱ ዘመድ ቤት ጄኔሬተር ስላለ ባለ አራት ቀዳዳውን ባትሪ መሙያ በባጃጅ ይዤ ሄድኩ።