ቢጫው ስፖንጅ ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ?

የመኪና ፖሊሽ ማሽን የገዛ ጀማሪ ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ስፖንጅ ቀለም አንድ ወጥ ሕግ ያለው ይመስለዋል። የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ቀለም ይመርጣል። ሌክ ካንትሪ በተባለው አምራች የተለመዱ ስፖንጆች ቢጫው ጠንካራ፣ ጭረት የሚያነሳ ነው። የሩፔስ ቢጫ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ የሚያገለግለውም ለማንጸባረቅ ነው። እንግዲህ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ካልገባዎት ከለስላሳው ይጀምሩና ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩ፤ አንዴ የተፋቀ የመኪናው ቀለም ሽፋን አይመለስም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። ስፖንጁ በቬልክሮ የሚለጠፍበት ክብ ፕሌት ከስፖንጁ ትንሽ ማነስ አለበት፤ ለምሳሌ ለ5.5 ኢንች ስፖንጅ 5 ኢንች ፕሌት። ፕሌቱ ከበለጠ ጠርዙ የመኪናውን አካል ነክቶ ይጭረዋል። ሻጩ «ሁሉም ይገጥማል» ቢልዎትም (ይላል!) ሜትር ይዘው ይሂዱ።