ሳምንትን መለስ ብሎ ማየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ግምገማ» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚታየው የስብሰባ አዳራሽ፣ ረጅም ጠረጴዛ እና ከመቀመጫው ተነሥቶ ጥፋቱን የሚዘረዝር ሰው ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻን ተቀምጦ ያለፉትን ሰባት ቀናት በማስታወሻ ደብተር የመመርመር ልማድ ገና ሳይሞከር የሚሸሸው ስሙን ከዚሁ ቃል ስለተዋሰ ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ሳምንታዊ ቅኝት» እለዋለሁ፤ የላላ አውታርን ማስተካከልም ቅኝት ይባላልና ስሙ አይከፋም። ልማዱ ራሱ ሦስት ጥያቄዎችን ብቻ የያዘ ነው፦ ምን ለማድረግ አስቤ ነበር? በእርግጥ የሆነው ምንድን ነው? በሚቀጥለው ሳምንት የምለውጠው አንድ ነገር የትኛው ነው? ይህን ያህል ቀላል ነገር በብዙ የተሳሳተ ግምት ተከቦ ይገኛል።

«ያለፈን ሳምንት መመርመር ራስን መክሰስ ነው»

ይህ ከሁሉም የተለመደው ስሕተት ነው። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ከ1,900 ዓመታት በላይ በፊት በጻፈው ጽሑፍ፣ ማታ መብራቱ ከጠፋና ልማዱን የምታውቀው ባለቤቱ ዝም ካለች በኋላ የቀን ውሎውን አንድ በአንድ እንደሚመረምርና ከራሱ ምንም እንደማይሸሽግ ይናገራል። የሚያገኛቸው ጥፋቶች ግን «ክፉ ሰው ነኝ» የሚል ዓይነት ፍርድ አይደሉም፤ በአንድ ክርክር ላይ ከሚገባው በላይ ተጋግሎ መናገሩን፣ አንድን ሰው ሲገሥጽ ልክ ማለፉን የመሳሰሉ የተወሰኑ ድርጊቶች ናቸው። ለራሱ የሚሰጠውም መልስ ዳግመኛ እንዳያደርገው ማሳሰብና ለዚያች ቀን ይቅር ማለት ነው። ቀኑን እንዲህ ከመረመረ በኋላ እንቅልፉ ሰላማዊና የጠለቀ እንደሚሆንም አክሎ ጽፏል፤ ራሱን ሲከስስ ያመሸ ሰው እንዲህ አይልም።

በአማርኛ «ማሰላሰል» እና «ማብሰልሰል» በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በሥራ ግን የተለያዩ ናቸው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን-ሆክሲማ ለብዙ ዓመታት ያጠናችው ሁለተኛውን ነበር፦ ሰው ስለ ጭንቀቱ፣ ስለ መንሥኤውና ስለ መዘዙ ወደ መፍትሔ ሳይሻገር ደጋግሞ ሲያስብ የድብርት ስሜቱ እንደሚረዝምና እንደሚከብድ ሥራዎቿ አሳይተዋል። ማብሰልሰል ማብቂያ ሰዓት የለውም፣ ብዕር አይዝም፣ «ለምን እኔ ሁልጊዜ?» ከሚለው ጥያቄም አይወጣም። ቅኝት ደግሞ የሚያልቅበት ደቂቃ የታወቀ ነው፤ የመጨረሻው መስመርም ሊደረግ የሚችል አንድ ድርጊት ነው። ደብተሩን በከፈተ ቁጥር ከዚህ መስመር መድረስ አቅቶት በሐዘን ብቻ የሚዘጋ ሰው ግን በግድ መቀጠል የለበትም፤ ለእርሱ ከደብተሩ ይልቅ ባለሙያን ማነጋገር ይቀድማል።

«የሆነውን አስታውሳለሁ፤ መጻፍ አያስፈልገኝም»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የቅኝቱ ጥቅምና ጉዳት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ነጥብ ነውና።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ራሱን መሞከሪያ አድርጎ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን በቃሉ ይይዝ ነበር፤ ከዚያም ጊዜ ቆይቶ ዝርዝሩን እንደገና ሲያጠና ምን ያህል ድካም እንደሚቀርለት ይለካ ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚቀርለት 58 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከአንድ ቀን በኋላ ወደ 34 በመቶ፣ ከስድስት ቀን በኋላ ደግሞ ወደ 25 በመቶ ዝቅ አለ። ኑሮ ትርጉም የሌለው ክፍለ ቃል ስላልሆነ እነዚህን አኃዞች እንዳሉ ወደ ሳምንታችን ማዛወር አይቻልም። ከአኃዞቹ የሚወሰደው ቁም ነገር የመርሳት ፍጥነት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ከፍተኛ መሆኑ ነው፤ ሰኞ ጠዋት የሆነው ነገር እሑድ ላይ ሲፈለግ የሚጠፋው በእሑድ ድካም ሳይሆን ሰኞ ማታ ስላልተያዘ ነው።

መርሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ባልከፋ፤ የቀረውም ትውስታ ሚዛኑ የተዛባ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ሙከራ ተሳታፊዎች እጃቸውን በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሴኮንድ ነከሩ። በሌላው ዙር ደግሞ ያንኑ 60 ሴኮንድ ካሳለፉ በኋላ፣ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ እየሞቀ ሌላ 30 ሴኮንድ ቆዩ። የትኛውን መድገም እንደሚሹ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የመረጡት ረጅሙን፣ ማለትም ሥቃዩ በጠቅላላ የሚበዛውን ነበር፤ መጨረሻው ለስለስ ብሏልና። እንግዲህ የሳምንትን ልክ ከትውስታ ብቻ የሚፈርድ ሰው የሚፈርደው በአብዛኛው በሳምንቱ ከፍተኛ ስሜትና በማብቂያው ላይ ነው።

በደብተር ላይ ሲታይ ነገሩ ምን እንደሚመስል ከራሴ አንድ ገጽ ልቅዳ።

«ሰኞ፦ ስብሰባው 40 ደቂቃ ነው ተብሎ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ማክሰኞ፦ ሪፖርቱን ጨረስኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ረቡዕ፦ ሐሙስ፦ ልጁን የቤት ሥራ አሠራሁት፤ ክፍልፋይ ላይ ሁለታችንም ተሳስተን ሳቅን። ዓርብ፦ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቃቃርን።»

በዚያ ሳምንት እሑድ ዕለት ደብተሩን ሳልከፍት ብጠየቅ ኖሮ «መጥፎ ሳምንት ነበር» ብዬ በሙሉ ልብ እመልስ ነበር። ገጹ የሚለው ግን አንድ ክፉ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ያለቀ ሥራና አንድ ሳቅ እንደነበረ ነው። ባዶ የቀረው ረቡዕም ቢሆን ዝም ያለ ማስረጃ ነው፤ በኋላ ስፈልገው እስከ ሌሊት የሠራሁበት ቀን ሆኖ አገኘሁት።

ከመርሳትና ከሚዛን መዛባት ሌላ ሦስተኛ ችግርም አለ። ተመራማሪው ባሩክ ፊሽሆፍ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳየው፣ የአንድን ነገር ውጤት አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች ያ ውጤት ከመጀመሪያውም የሚጠበቅ እንደነበረ አድርገው ይገምታሉ፤ ማወቃቸው ግምታቸውን እንደለወጠውም አያስተውሉም። «ድሮም ታውቆኝ ነበር» የምንለው ነገር ሁሉ ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በሳምንቱ መጀመሪያ የሚጠበቀውን በአንድ መስመር ጽፎ ማስቀመጥ ነው፤ የሰኞ ግምት በሰኞ እጅ ጽሑፍ ከተያዘ እሑድ ሊያስተካክለው አይችልም።

«ጊዜ ይፈልጋል፤ ያውም እሑድ ማታ መሆን አለበት»

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 20 ደቂቃ ከዚህ ውስጥ ከ500 እጅ አንዱ ገደማ ነው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ቅኝት ካለም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጀው በየቀኑ ያልተጻፈውን በማስታወስ ነው። ቀኑን በተመለከተ፣ እሑድን የሚያዝ ሕግ የለም፤ የፈረቃ ሠራተኛ ሳምንቱ የሚያልቀው የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ነው። እኔ ራሴ ዓርብ ከሰዓት በኋላን እመርጣለሁ፤ ያልጠራ ነገር ቢኖር የሚጠየቀው ሰው ገና በሥራው ላይ ነውና።

«ቅኝት ሁሉንም የሕይወት ዘርፍ መሸፈን አለበት»

ጤና፣ ገንዘብ፣ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ መንፈሳዊ ሕይወት፤ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 10 ነጥብ እየተሰጣቸው የሚሞሉ ቅጾች ብዙ ናቸው፤ ሁለት ሳምንት ተሞልተው የሚተዉትም እነዚሁ ናቸው። አሜሪካዊው ጸሐፊና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በወጣትነቱ ራሱን ለማረም ያዘጋጀው መዝገብ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። 13 በጎ ምግባራትን ዘርዝሮ ለእያንዳንዳቸው በትንሽ ደብተር ላይ አንድ ገጽ መደበ፤ በገጹም ላይ ለሰባቱ ቀናት ሰባት ዓምዶች አሰመረና ስሕተት በሠራ ቁጥር ጥቁር ነጥብ ያኖር ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ ሳምንት አጥብቆ የሚጠብቀው አንዱን ምግባር ብቻ ነበር፤ የሌሎቹን ጥፋት ይመዘግባል እንጂ አይታገልም። አንድ ዙር በ13 ሳምንት ስለሚያልቅ በዓመት አራት ዙር ይደርሰዋል። ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረው ዕቃንና ጊዜን በሥርዓት መያዝ እንደነበረ፣ ራሱንም ከገመተው በላይ ጉድለት የሞላበት ሆኖ እንዳገኘው ሳይደብቅ ጽፏል። ዕድሜ ልኩን ያልተሳካለትን ነገር እንዲህ በግልጽ መናገሩ ከነጥቦቹ ሁሉ በላይ እንድወደው ያደርገኛል።

«ያልተፈጸመ ዕቅድ የስንፍና ማስረጃ ነው»

ብዙውን ጊዜ የግምት ስሕተት ማስረጃ ነው። ሮጀር ቢዩለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር። አማካይ ግምታቸው 34 ቀን ገደማ ሆነ፤ የሚችለው መሰናክል ሁሉ ቢገጥማቸውስ ተብለው ሲጠየቁ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት፤ በእርግጥ የፈጀባቸው ግን በአማካይ 55 ቀን ተኩል ነበር። ክፉ ክፉውን አስበው የሰጡት ግምት እንኳ እውነታውን አልደረሰበትም። ስለዚህ በሳምንት አሥር ሥራ አቅዶ ስድስት የሚፈጽም ሰው መጀመሪያ ሊጠራጠረው የሚገባው አሥር የሚለውን ቁጥር ነው።

ከራሴ ደብተር «ለአክስቴ ልደውል» የሚል መስመር አምስት ሳምንት ተከታትሎ ተገኘ። ሦስቱን ሳምንት «ለምን እንዲህ ሰነፍሁ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ከጥያቄው የተገኘው ኀፍረት ብቻ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ጥያቄውን ቀየርኩና በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ልደውል አስቤ እንደነበር፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ምን እሠራ እንደነበር ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው ወጣ፦ ሁልጊዜ ስልኩን የማስታውሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር፤ አክስቴ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝተዋል። ከስንፍና ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወርኩትና ደወልኩ። «ምነው ልጄ፣ በደህና ነው?» አሉኝ ደንግጠው፤ በጠዋት የምደውልላቸው ሰው አልነበርኩምና።

«ያልጨረስኩትን ጽፌ ባየው ይበልጥ ያስጨንቀኛል»

ብሉማ ዛይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመችው ጥናት ሰዎች የተቋረጠባቸውን ሥራ ከፈጸሙት ይልቅ እንደሚያስታውሱ የሚል ነበር፤ በኋላ የተደገሙት ሙከራዎች ግን ሁሉም ያንኑ ውጤት አላገኙም። ለቅኝት ይበልጥ የሚጠቅመው ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ነው፦ ያልተፈጸመ ግብ ሌላ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ሐሳብ እያቋረጠ ይረብሻል፤ መቼና እንዴት እንደሚፈጸም የተወሰነ ዕቅድ ሲወጣለት ግን፣ ሥራው ገና ሳይነካ፣ ረብሻው ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያስጨንቀው ቀን ያልተቆረጠለት ዝርዝር ነው። «ሰነዶቹን ማስተካከል» የሚለው መስመር ያባንናል፤ «ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የታችኛውን መሳቢያ ብቻ» የሚለው ያስተኛል።

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል፤ ካመለጠ ግን ተበላሸ»

ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን 96 በጎ ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው፣ አንድ የዕለት ድርጊት ያለ ብዙ ማሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን እንደሚፈጅ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናታቸው ገልጸዋል። በሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት ሰፊ ሲሆን ግምቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ማምለጡም በልማዱ አያያዝ ላይ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

እነዚህ ግን በየቀኑ ስለሚደገሙ ነገሮች የተገኙ አኃዞች ናቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደረግ ነገር 66 ጊዜ እስኪደገም ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር ያላነሰ ይፈጃል። ስለዚህ ሳምንታዊ ቅኝት እንደ ጥርስ መቦረሽ በራሱ እጅ እስኪሄድ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የሚያቆመው ከታወቀ ነገር ጋር መታሰሩ፣ ለምሳሌ የዓርብ ኮምፒውተር ከመዘጋቱ በፊት ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ መከፈቱ ነው።

ሦስት ሳምንት ቢዘለልስ? የተዘለሉትን ሳምንታት ከትውስታ ለመሙላት መሞከር ኤቢንግሃውስ ከለካው ጋር መታገል ነው። አዲስ ገጽ ይገለጥ፣ የዛሬው ቀን ይጻፍበት፣ የመጀመሪያውም መስመር ትናንት የሆነው ይሁን።