ዙግዝዋንግ ምንድን ነው?

በቼዝ «ይለፈኝ» አይባልም። ተራህ ከደረሰ የግድ ትጫወታለህ። ብዙ ጊዜ ተራ ማግኘት ጥቅም ነው። አንዳንዴ ግን አቋምህ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ምንም ብትነካ የሚበላሽበት ሰዓት ይመጣል። ዙግዝዋንግ የሚባለው ይህ ነው። (በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ መጀመሪያ ላይ ተራ ራሱ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር።)

ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ አንድ ተማሪና አንድ ባጃጅ ነጂ ተጋጥመው ነበር። ተሸናፊ ማኪያቶ ይከፍላል። ቦርዱ ተመናምኖ ሁለት ንጉሥና አንድ ወታደር ብቻ ቀሩ። የተማሪው ነጭ ንጉሥ ኢ5፣ ወታደሩ ኢ6 ላይ ናቸው (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። የባጃጅ ነጂው ጥቁር ንጉሥ ኢ7 ላይ ቆሟል፤ ተራው የእሱ ነው።

ባጃጅ ነጂው ብዙም ሳያስብ ወደ ዲ8 አፈገፈገ። ነጭ ወዲያው ዲ6 ገባ። አሁን ጥቁር መቆም ቢችል ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር፤ ግን መሄድ አለበት። ኢ8 ሄደ፣ ወታደሩ ወደ ኢ7 ተገፋ። የቀረችው ቦታ ኤፍ7 ብቻ ናት፤ እዚያ ወጣ። ነጭ ንጉሡን ዲ7 አስገባ፤ ከዚህ በኋላ ወታደሩ ንግሥት እንዳይሆን የሚያግደው የለም።

ጥቁር መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ኢ8 ቢመለስስ? ነጭ ዲ6 ሲገባ ጥቁር ዲ8 ይቆማል። ያው ቦታ ነው፣ ያው ጠጠር ነው፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው። ነጭ ወታደሩን ኢ7 ላይ ገፍቶ ቼክ ቢል ጥቁር ኢ8 ይመጣል። ወታደሩን ለማዳን የነጭ ንጉሥ ኢ6 መግባት አለበት። ያኔ ጥቁር ቼክ ሳይባል መሄጃ ያጣል፣ ጨዋታው በአቻ ያልቃል። እኔ ቼዝ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር አላውቅም። ጀማሪ ሁሉ ከመክፈቻ በፊት ይህን ቢማር ደስ ይለኛል።

ዙግዝዋንግ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ጠጠር ሲያልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ኮፐንሃገን ላይ ግን የቼዝ ተጫዋቹ ኒምዞቪች ቦርዱ ገና በጠጠር እንደተሞላ ዳር ያለች ወታደሩን አንድ እርምጃ ገፋ። 25ኛ እርምጃው ነበር። ተጋጣሚው ዜሚሽ የሚነካው አጥቶ እጁን ሰጠ። ንጹሕ ዙግዝዋንግ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ዛሬም ይከራከራሉ።