ተክል አፈር ይበላል? የጓሮ አትክልት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጓሮ ያለው ሰው ምክር አያጣም። ጎረቤት ይመክራል፣ ችግኝ ሻጩ ይመክራል፣ ቲክቶክም ይመክራል። ብዙው ጥሩ ነው። አንዳንዱ ግን ጓሮውን ቀስ በቀስ ያራቁተዋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ተክል አፈር በልቶ ነው የሚያድገው»

ይመስላል እንጂ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የብራስልሱ ሐኪም ቫን ሄልሞንት 90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር መዝኖ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ፤ አፈሩ የቀነሰው ግን 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ሰውዬው «ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው» ብሎ ደመደመ። አየሩን ረስቶታል። ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ወስዶ በፀሐይ ጉልበት ከውሃ ጋር ያዋህዳል። የደረቀ ተክል ክብደት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ አፈሩ ምን ያደርጋል? ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም የሚሰጠው እሱ ነው። መጠናቸው ትንሽ ነው፤ ያለ እነሱ ግን ተክል አያድግም። ከጓሮ እንዳይወጡ መጠበቅ ያለብንም እነዚህን ነው።

«የረገፈ ቅጠል ቆሻሻ ነው፤ ይቃጠልና አመዱ ማዳበሪያ ይሁን»

ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ግቢ ተጠርጎ የአቮካዶው ቅጠል ተከምሮ ሲጨስ፣ አብዛኛው ናይትሮጅን አብሮ ይሄዳል። አመዱ ውስጥ የሚቀረው በዋናነት ካልሲየምና ፖታሲየም ነው። ጥቂት አመድ አይጎዳም፤ አሲዳማ አፈርን ያለዝባል። በየቀኑ አንድ ቦታ ከተደፋ ግን ተክሉ ከአፈሩ ብረት ማግኘት ያቅተዋል። ለጋ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሃላቸው ቢጫ ይሆናል። አመድና ትኩስ እበት ሲቀላቀሉ የሚሰነፍጠው ሽታም አሞኒያ ነው። ናይትሮጅኑ እየበረረ ነው ማለት ነው።

ቅጠሉን እዚያው ዛፉ ሥር አልብሱት። ክረምቱ ሲወጣ በእጃችሁ ገለጥ አድርጉት። ከላይ ሙሉ ቅጠል አለ። ከሱ በታች ሥጋው አልቆ ጅማቱ ብቻ የቀረ ቅጠል ታያላችሁ። ቀጥሎ ነጭ የፈንገስ ክር፣ ታች ደግሞ ጥቁርና ፍርፍር ያለ አፈር። በጉራጌና በሲዳማ የእንሰት ባለቤቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የቤቱ ጥራጊና ፍግ ወደ እንሰቱ ይመለሳል።

«ሰጋቱራም ይበሰብሳል፤ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል»

ከላይ ማልበስ ይቻላል። ውስጥ ከገባ ግን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከጎመኑ ይሻማሉ። ጎመኑ ይገረጣል።

«ባቄላ ከተዘራ አፈሩ በራሱ ይወፍራል»

ግማሹ እውነት ነው። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ አይጠቀምበትም። የባቄላ ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያዘጋጁለት። አንድ ባቄላ ሲያብብ ሥሩን ሳትበጥሱ ንቀሉና እዩ፤ ትናንሽ እብጠቶች አሉት። አንዷን በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጧ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ናት። አረንጓዴ ከሆነች አቁማለች።

ችግሩ፣ ናይትሮጅኑ በብዛት የሚሄደው ወደ ፍሬው ነው። እሸቱን በልተን፣ አገዳውን ከነሥሩ ነቅለን ከጣልን ለአፈሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አገዳውን ከአፈር በላይ ቆርጣችሁ ሥሩን እዚያው ተዉት፤ ቅጠሉንና ገለባውንም መልሱለት።

«ቀትር ላይ ከጠወለገ ጠምቶታል»

ሁልጊዜ አይደለም። ሥር ከሚስበው ውሃ አብዛኛው በቅጠሉ ቀዳዳዎች ተንኖ ወደ አየር ይመለሳል። ቀትር ላይ የሚተነው ሥሩ ከሚያደርሰው ሲበልጥ ዱባው ይዝለፈለፋል፤ ማታ ቀና ይላል። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኛችሁት ነው መጨነቅ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ። እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። ውሃ የሞላው አፈር ውስጥ ሥር አየር ያጣል፤ ናይትሬቱም፣ ማለትም ሥር የሚስበው በውሃ የሚሟሟ ናይትሮጅን፣ ሥር ወደማይደርስበት ታጥቦ ይሰርጋል።