ፕሮፔለር «ተንሸራተተ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጀልባዋ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ተነስታለች እንበል። ነጂው ነዳጅ ሲጨምር ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን ታዘግማለች። ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና ዳገት ላይ የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ያኔ ውኃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው ባለ ክንፍ ክፍል፣ «ፕሮፔለሩ ተንሸራተተ» ይባላል። ይህ አንድ ቃል ግን ጤነኛውንም ብልሽቱንም ይጠራል፤ ሁለቱን ያልለየ ሰው ደህናውን ፕሮፔለር አውጥቶ ይጥላል።

ፕሮፔለር እንደ ብሎን ነው። እንጨት ውስጥ ቢሆን በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ ርቀት ይገባ ነበር፤ ይህ ርቀት «ፒች» ይባላል። ውኃ ግን እንደ እንጨት አይጸናም፣ ይሸሻል። ሞተሩ በደቂቃ 5000 ዙር ቢዞርና ማርሹ በግማሽ ቢቀንሰው፣ ፕሮፔለሩ 2500 ይዞራል። ፒቹ 13 ኢንች፣ ማለትም 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ጀልባዋ በሰዓት 49.5 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረባት። ጂፒኤሱ 42 ካሳየ 15 በመቶው በመንሸራተት ሄዷል ማለት ነው። ለቀላል ፈጣን ጀልባ ከ10 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው የጫነች ከዚያም ያልፋል። ጨርሶ የማይንሸራተት ፕሮፔለር ጀልባ አይገፋም።

ብልሽቱ ሌላ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ በፕሮፔለሩና በዘንጉ መካከል ተጨምቆ የገባ ጎማ አለ። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ጎማው ይሸሽና ማርሹን ከመሰበር ያድነዋል። አንዴ ከለቀቀ ግን ቀስ ብለው ሲነዱ ይይዛል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይከዳል። ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፉ፤ የድንገተኛ ማጥፊያውን ገመድ ሳትነቅሉ እጃችሁን ወደ ፕሮፔለሩ በፍጹም እንዳትሰዱ። ከዚያ ከመሃሉ ብረት ተነስታችሁ ጎማውን አቋርጣችሁ እስከ ውጪው አካል በጥፍር ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ሲደርቅ ነድታችሁ ተመለሱና እዩት። መስመሩ ከተዛነፈ ጎማው ለቋል። ትንንሾቹ ሞተሮች በጎማው ፈንታ የሚቆረጥ ፒን አላቸው፤ ፒኑ ከተቆረጠ ጀልባዋ ጭራሽ አትንቀሳቀስም።

መስመሩ ደህና ከሆነ አየር ተጠርጣሪ ነው፤ በተለይ ጩኸቱ የሚመጣው ሲታጠፉ ወይም ማዕበል ላይ ብቻ ከሆነ። ሞተሩ ከፍ ብሎ ከታሰረ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ጣና ላይ ደግሞ የእምቦጭ ሥርና የመረብ ክር አለ። ክሩን ዛሬ ነገ ሳትሉ ፈትታችሁ አውጡት፤ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ የዘይት መከላከያውን ጎማ ከቆረጠ ውኃ ማርሹ ውስጥ ይገባል።

ጀልባዋ ዘገምተኛ ሆና ሞተሩም ዙር አላነሳ ካለ ግን መንሸራተት አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። መድኃኒቱ ፒቹ ያነሰ ፕሮፔለር ነው፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል።