የሚያለቅሱና የሚዘምሩ

የሐምሌው ገብርኤል ሲቃረብ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰብስበው መዝሙር ያጠኑ ነበር፤ ግጥሙን ከስልክ እያነበቡ። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እኛ በቃላችን ነበር የምንይዘው፤ የዘንድሮ ልጅ ዝማሬውም ባትሪ ይፈልጋል» አሉ። አንዱ ልጅ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «እማማ ገና አሮጌውን ባቡር እየጠበቁ ነው» ሲል ሰማሁት።

ለድሬ ሰው ይህ ቀላል ስድብ አይደለም። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከብዶት እዚህ ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ተቆረቆረች። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ፤ ወጣቱም ደስ አለው። ጡረታ የወጡ አንድ የምድር ባቡር አባት ግን በአሮጌው ጣቢያ በር ሲያልፉ ዛሬም ኮፍያቸውን ብድግ ያደርጋሉ።

ዕዝራ 3ን ሳነብ እኚህ አባት ይታዩኛል። ከባቢሎን የተመለሱት ሰዎች የቤተ መቅደሱን መሠረት ሲጥሉ፣ የቀደመውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ ሌሎች ብዙዎች በደስታ ጮኹ፤ የልቅሶውንና የእልልታውን ድምፅ መለየት አልተቻለም። መጽሐፉ የጮኹትን «ወጣቶች» ብሎ አይጠራቸውም። ይሁን እንጂ ቤቱ የተቃጠለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ነው፤ መሠረቱ የተጣለው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የቀደመውን ቤት የሚያስታውስ ሰው ስልሳ ያልደረሰ ቢኖር ጥቂት ነው።

ሽማግሌዎቹን በምስጋና ቢስነት የሚወቅስ ስብከት ሰምቻለሁ፤ አልተቀበልኩትም። ሥራው ለዓመታት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ እግዚአብሔር በሐጌ አፍ «የቀድሞ ክብሩን ያየ ማን ነው? በዓይናችሁ ፊት እንደ ምናምን አይደለምን?» ሲል እናገኘዋለን (ሐጌ 2፥3)። ትዝታቸውን ሐሰት አላለውም፤ ስላለቀሱም አልገሠጻቸውም። ያላቸው «በርቱ፣ ሥሩ፣ እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ» ነው። እንግዲህ ልቅሶ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ አልቅሶ ድንጋይ አላቀብልም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደስ ያላቸውስ ምን እያሉ ነበር የዘመሩት? «ቸር ነውና፣ ምሕረቱም ለእስራኤል ለዘላለም ነውና።» ይህ መዝሙር በሰሎሞን ጊዜ ታቦቱ ወደ መቅደሱ ሲገባ የተዘመረው ነው (2ኛ ዜና 5፥13)። የመጀመሪያውን ቤት በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች የመጀመሪያውን ቤት ዝማሬ በአፋቸው ይዘዋል። በባዕድ ምድር ቤተ መቅደስ ሳይኖር ማን አስጠናቸው? አጠገባቸው ቆመው የሚያለቅሱት ናቸው፤ ከእነርሱ በቀር ማን ይሆናል? ይህን ሳስብ የልጁ ቀልድም የእናታችን ወቀሳም አሳፈረኝ፤ ሁለቱንም ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ደግሞ አስተማሪ ተብዬ።

የዚያን ዕለት ግን ሁለተኛው አንጓ ላይ ሳሉ ስልኩ በድሬ ሙቀት ግሎ ጠፋ። ልጆቹ ቆሙ። እናታችን ከተቀመጡበት ዜማውን አነሡት፤ ደስታቸውንም ለመደበቅ አልሞከሩም። ልጆቹ ተከተሏቸው። ሦስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ግን እርሳቸውም ጠፋባቸው፤ ከዳር የቆመች አንዲት ልጅ ቀጠለችው። እናታችን ጆሯቸውን ወደ እርሷ አዘንብለው «ቀስ እያልሽ በዪው፣ ልጄ፤ እኔም ልያዘው» አሏት።