ስትራቲፊኬሽን ምንድን ነው? ሁለት ጊዜ የሚተኛው የሃውቶርን ዘር

የሃውቶርን ዘር ዘርታችሁ፣ ውሃ ሳታጓድሉ ዓመት ሙሉ ጠብቃችሁ ምንም ካልበቀለ፣ እባካችሁ አፈሩን አትድፉት። ዘሩ ላይሞት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ነው።

ሃውቶርን እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ የጽጌረዳና የፖም ዘመድ። በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ብርድ በሚበረታባቸው አካባቢዎች በተፈጥሮው ይበቅላል። ነጭ አበባው ሲረግፍ ጥቃቅን ፍሬ ያንጠለጥላል፤ የብዙዎቹ ዝርያዎች ፍሬ ቀይ ነው። ወፎች ይወዱታል፤ ዘሩንም ይዘውለት የሚዞሩት እነሱ ናቸው።

አንዷን ፍሬ በጣታችሁ ፈርክሷት። ቀጭን ቀይ ልጣጭ አለ፣ ከሥሩ እንደ ዱቄት የሚፈረፈር ቢጫማ ሥጋ፣ መሃል ላይ ደግሞ ጠጠር የመሰለ ነገር። ብዙ ሰው ዘሩ ይሄ ይመስለዋል። እውነተኛው ዘር ግን ጠጠሩ ውስጥ ነው ያለው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ዘሩ የተቆለፈው በሁለት ቁልፍ ነው። አንደኛው ያ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ነው። ሁለተኛው ውስጥ ያለው ፅንስ ራሱ ነው፤ ቅርፊቱ ቢከፈትለትም ብርድ ካላለፈበት አይነቃም። ይህ ደግሞ ስንፍና አይደለም። ፍሬው የሚበስለው ውርጭ ሊገባ ሲል ነው። ዘሩ ወዲያው ቢበቅል ኖሮ ለጋው ቡቃያ በውርጭ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ብርዱ መጥቶ መሄዱን እስኪያረጋግጥ ይተኛል። በጣም ብልህ ነው።

ስትራቲፊኬሽን ማለት እንግዲህ ዘሩ በተፈጥሮ የሚያልፍበትን ሙቀትና ብርድ እርጥበት ባለበት ቦታ በተራ ማሳለፍ ነው። ቃሉ የመጣው ንብብር የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። የድሮ አትክልተኞች አንድ ረድፍ እርጥብ አሸዋ፣ አንድ ረድፍ ዘር እያነባበሩ ያስቀምጡ ነበር። ዛሬ ፌስታልና ፍሪጅ ይበቃሉ።

የበሰለውን ፍሬ ውሃ ውስጥ እያሹ ሥጋውን ማስለቀቅ ነው፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ጠጠር ብዙውን ጊዜ ባዶ ስለሆነ ይጣል። የቀረውን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጉት። አሸዋው በእጅ ሲጨመቅ ውሃ የማያንጠባጥብ፣ ግን እርጥበቱ የሚሰማ ይሁን። መጀመሪያ 3 ወር ያህል 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ጥቃቅን ተሕዋስያን ቅርፊቱን ቀስ በቀስ ያላሉታል። ከዚያ 3 ወይም 4 ወር ፍሪጅ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ። ፍሪዘር አላልኩም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሙቀቱን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ብርዱ ይገባል። ቅርፊቱ ሳይላላ ብርዱ ብቻውን እምብዛም አይሠራም። አሸዋው ከደረቀም እንደዚያው ነው፤ ደረቅ ዘር ፍሪጅ ውስጥ ስንት ወር ቢቀመጥ እንቅልፉ አይለቀውም።

በየሳምንቱ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ነጭ የሥር ጫፍ ብቅ ካለ ጊዜው ደርሷል፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ዝሩት። በጣም ሞቃት ክፍል ውስጥ ከገባ ገና ያልበቀለው ዘር ተመልሶ ሊተኛ ይችላል።

ብርድ ባለበት አገር ያለ ፍሪጅም ይቻላል። ዘሩን በፖት ዘርቶ ውጭ መተው ነው፣ ከላይ ግን አይጥ የማያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ይደረግበት። ያኔ አብዛኛው የሚበቅለው ሁለተኛው የብርድ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ማለትም ከተዘራ 18 ወር አካባቢ ላይ ነው። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ይዘገያል እንጂ ሥራው ሁሉ የተፈጥሮ ነው።

ዝርያ ስትመርጡ ግን የአካባቢውን ተወላጅ ፈልጉ። ክራቴገስ ሞኖጊና የሚባለው የአውሮፓ ሃውቶርን ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተወስዶ ወፎች እየበተኑት አስቸጋሪ አረም ሆኗል።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ድብልብልና ወፈር ያሉ ናቸው፣ የሃውቶርንን ቅጠል በፍጹም አይመስሉም። አረም መስሏችሁ እንዳትነቅሉት። ጠርዙ የተቆራረጠው ትክክለኛው ቅጠል ቀጥሎ ይመጣል።